ጳጉሜን የማያውቀው ሩፋኤል

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? ካልተሰማ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ዝናቡን ዝም በል ማለት አይቻልም። የሩፋኤል ዝናብ ነው። ልጆቻችሁ ጠበሉን እስኪጠግቡ እናንተ አንገታችሁን እያጠማዘዛችሁ በር በሩን አትዩ። እኔን ስሙኝ።

አንዲት ሴት አለች። ነበረች አላልኩም፤ አለች። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ስሟን አልነግራችሁም። ታሪኳን እንድናገር ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልፈቀደችልኝም። ፈቃድ ማለት እንዲህ ነው፤ የተሰጠህን ያህል ትወስዳለህ፣ ከዚያ ወዲያ እጅህን ትሰበስባለህ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ይህች እኅታችን አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ሶልያና እንበላት። ልጅቷ ልቧን ታማለች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። እኩዮቿ ገመድ ሲዘሉ እሷ የገመዱን ጫፍ ይዛ ታዞርላቸዋለች። አንድም ቀን ተራዬ ነው ብላ አታውቅም።

ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል ብለዋል፤ ግን ተራ መጠበቅ ነው። ተራው ሲደርስ ደብዳቤ በኢሜይል ይመጣል፤ እናትየው ቶሎ ብላ «አለን፣ እንመጣለን» ብላ ካልመለሰች ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል። የሐኪሞቹ ጥፋት አይደለም፤ ከኋላ የተሰለፉት ልጆችም ልብ ያላቸው ናቸው። እናት ግን እናት ናት። ስለዚህ ጠዋት ቢሮ ስትገባ፣ ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅ፣ የምትከፍተው ያንን ኢሜይል ነው። የልጇ ነፍስ የምትመጣው በዚያች በር በኩል ነው።

አሁን ስለ ኮምፒውተር ልናገር ነው። ወጣቶች፣ ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉት፤ እያየኋችሁ ነው። እናቶች ደግሞ አትፍሩ፣ ቀላል ነገር ነው።

ኢንተርኔት በሚከፈትበት ፕሮግራም ላይ የምትቀጠል ትንሽ ነገር አለች። ልጆቹ «ኤክስቴንሽን» ይሏታል፤ እኔ ቅጥያ እላታለሁ። ቤት የጠበበው ሰው ከግድግዳው አስጠግቶ አንዲት ክፍል ይቀጥል የለም? እንደዚያ ማለት ናት። አንዷ የፊደል ስህተት ታርማለች፣ አንዷ ትተረጉማለች፣ አንዷ ማስታወቂያ ትከለክላለች። እኅታችን ያስገባቻት ቅጥያ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የምትናገር ነበረች። ኢንተርኔቱ ሲከፈት ከላይ የቅዱስ ሩፋኤል ስዕል ይወጣል፤ ከሥሩ ቀኑ፣ ከቀኑ ሥር በዓሉ። ጾም ከሆነም «ዛሬ ጾም ነው» ትላለች። ለስንቱ ሰው ትጠቅም ነበር መሰላችሁ፤ ረቡዕን ረስቶ ሥጋ ቤት ለሚገባው።

ሴትየዋ ስታስገባት ዝም ብላ አላስገባችም። ጠርጣራ ናት። ሽንኩርት ስትገዛ ከላይ የተደረደረውን አታይም፤ እጇን ከሥር ሰድዳ ነው የምታወጣው። ይህንንም እንደ ሽንኩርቱ ገለባብጣ አየችው። ሠሪው ማነው? አንድ ዲያቆን፣ ስሙን ከነአባቱ ስም፣ አድራሻውንም ጽፎ። ጻፈችለት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስትጸልዪ አስቢኝ» ብሎ መለሰላት። ምን ይፈልጋል? አዲስ ገጽ ሲከፈት ቀኑን ማሳየት፣ በቃ። በረንዳ ላይ ልቀመጥ ያለ እንግዳ ማለት ነው። ወደ ጓዳ አያይ፣ ሣጥን አይከፍት። «ቤት ለእንግዳ» አለችና አስገባችው።

ደግ እንግዳ ነበር፤ ውሸት አልናገርም። ካቻምና ልክ በዛሬዋ ቀን «ጳጉሜን 3፣ ቅዱስ ሩፋኤል፤ ዝናብ ከጣለ ልጆቻችሁን አውጡ» ብሎ ጻፈላት። በሥራ ብዛት ረስታው ነበር። አለቃዋን አስፈቅዳ ወደ ቤቷ ሮጠች፣ ልጇን በነጠላ ሸፍና ደጅ አወጣቻት፣ ጠብታው ደረቷ ላይ እንዲያርፍ ነጠላውን ገለጥ አደረገችላት። «ሩፋኤል፣ ይህችን ደረት እይልኝ» አለች። ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ታማትባለች። የቢሮ ባልደረባዋ ትስቅባት ነበር። እሷን ደግሞ የሺመቤት እንበላት፤ ስሟ አይደለም። እዚህ መካከል የሺመቤት የምትባል ካለች ይቅርታ ትበለኝ። «እንግዲህ ኮምፒውተር ተሳላሚም አየን!» ትላታለች። ስቃ ስቃ እሷም ቅጥያዋን ከጓደኛዋ ወስዳ አስገባች። ቀልድ እንዲህ ነው፣ መጨረሻው መውሰድ ነው።

ዓመት ሞላ። አምና፣ ነሐሴ 30 አለፈና በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች ቢሮ ገቡ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሩፋኤል ወጣ። ከሥሩ ምን ይላል? «መስከረም 1። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከነሐሴ ቀጥሎ ምንድነው?

አልሰማሁም። ዝናቡ ነው እናንተ? ጮክ በሉ!

ጳጉሜን! አያችሁ፣ ያች ታች የተቀመጠችው ሕፃን ቀድማችሁ መለሰች። ይህን ለማወቅ ትምህርት ያስፈልጋል? ዲግሪ ያስፈልጋል? ከእኛ ጋር አንድ ክረምት መክረም ነው የሚያስፈልገው።

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። የሺመቤት «ዘንድሮስ ዓመቱ ሮጠብን፣ ዶሮው እንኳ ሳይገዛ!» አለች። ሳቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ብዙ ጊዜ የሚያጠፋን ይሄ ነው፤ ምልክቱን አይተን፣ ስቀን፣ ወደ ሥራችን መመለሳችን።

ቀትር ላይ በሁለቱም ኮምፒውተር አንድ መልእክት ወጣ። «ይህ ቅጥያ አዲስ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በሚጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃዎን ሁሉ ማንበብና መለወጥ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ «ፍቀድ»፣ አንዱ «አስወግድ»።

የሺመቤት ሳታነብ «ፍቀድ»ን ተጫነች።

«ኧረ ቆይ፣ አንብቢው!» አለቻት ያቺ።

«ምኑን አነበዋለሁ? ያው የድሮው ነው እኮ! ስሙ ያው፣ ስዕሉ ያው። ደግሞስ እኔ ምን ምስጢር አለኝና ነው የሚነበብብኝ?»

ስሙ ያው፣ ስዕሉ ያው። ስንቱ ቤት በዚህች ቃል ፈረሰ!

እኅታችን ግን እጇ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠዋት የሳቀችበትን ነገር አሁን መልሳ አሰበችው። አምና የሩፋኤልን ቀን ያስታወሰኝ፣ ልጄን ዝናብ ውስጥ ያስወጣኝ ሰው፣ ዘንድሮ ጳጉሜንን እንዴት ዘለላት? ዲያቆን ጳጉሜንን ይረሳል? የእናቱን ስም ይረሳል ማለት ነው!

ተነሥታ ሠሪውን ፈለገች። የዲያቆኑ ስም የለም። በቦታው ስም የማይመስል ስም አለ፤ እንደ ተበተነ የፊደል ገበታ። አድራሻ የለውም። ከሥር የተጠቃሚዎች አስተያየት አለ፤ «በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»። ሁሉም በአንድ ቀን የተጻፈ። አንድ ሰው ብቻውን እልል ብሎ፣ ብቻውን አጨብጭቦ፣ ብቻውን አሜን ያለበት ሠርግ አይታችኋል? ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

እንግዲህ ጠርጥራለች። ለምን ወዲያው አታስወግደውም? አትፍረዱባት። «አስወግድ» የሚለው ቁልፍ ያለው ከሩፋኤል ስዕል ሥር ነው። መልአኩን ላስወግድ? በዓሉ ሊገባ ሲል? የልጄን ተራ እየጠበቅሁ? እጇ «ፍቀድ»ንም ፈራ፣ «አስወግድ»ንም ፈራ። ሌባው በየትኛው በር ቢመጣ እንደምንከፍትለት አውቋል፤ ወይም ሳያውቅ ያንን በር ከነቁልፉ አግኝቶታል።

ስልክ ደወለችልኝ። የንስሐ አባቷ እኔ ነኝ።

«አባ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ድምፅሽ?»

«አባ... የቅዱስ ሩፋኤልን ስዕል ከኮምፒውተር ማጥፋት ኃጢአት ነው?»

«ማን አጥፊ አለሽ?»

«ማንም። እኔው ጠርጥሬ ነው።»

«ማንን? ሩፋኤልን?»

«ኧረ እሱንስ አይደለም አባ! እሱን የለበሰውን ነው።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሱን የለበሰውን። ርኩስ መንፈስ የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ አባቶቻችን ሲያስጠነቅቁን ኖረዋል፤ እኛም በየዓመቱ እንሰብከዋለን፣ እናንተም በየዓመቱ ታንቀላፉበታላችሁ። ይህች ሴት ግን ቢሮዋ ተቀምጣ አገኘችው።

ነገሩን አስረዳችኝ። እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው መክፈቻው የት እንዳለ ነው። ቃል ግን አውቃለሁና፣ «እስቲ የጠየቀሽን እንዳለ አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ።

«ሁሉ ይላል?»

«ሁሉ ይላል አባ።»

«ማንበብ ብቻ?»

«መለወጥም ይላል።»

ተቆጣሁ። አልደብቃችሁም፣ ስልኩን ይዤ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ልጆቼ፣ እኔ የንስሐ አባት ነኝ። በእኔ ፊት ተንበርክካችሁ አልቅሳችኋል። እኔ እንኳ ሁላችሁን አንብቤ አላውቅም! የነገራችሁኝን ነው የማውቀው፤ ያልነገራችሁኝን እግዚአብሔር ያውቃል። ልባችሁን እለውጠዋለሁ ብልም አልችልም። ቀን ለመንገር የመጣ፣ በረንዳ ላይ ልቀመጥ ብሎ የገባ፣ ሁሉን ላንብብ፣ ሁሉን ልለውጥ የሚል ይህ ማነው?

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ለመንገር የአንቺን ደብዳቤ ማንበብ ለምን አስፈለገው?»

 «አባ፣ ቢቆጣብኝስ?» አለች።

«ማን?»

«መልአኩ። የልጄ ነገር...» አልጨረሰችውም። ማልቀስ ጀመረች።

ምን እላለሁ? እናት ናት። መልአክም፣ ሌባም፣ ሐኪምም በአንድ መስኮት በኩል መጥተውባታል። እንዲህ አልኳት፦ «ስሚኝ ልጄ። ሩፋኤል የራሱን ቀን አይረሳም። ጳጉሜንን የዘለለ ሩፋኤልን ዘሏል። ስዕሉን ለጥፎ ቀኑን የማያውቅ እሱ ሩፋኤል አይደለም።»

 በስልኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭ።

«አስወገድኩት አባ» አለችኝ።

ደብዳቤው መቼ የመጣ ይመስላችኋል? በሩፋኤል ዕለት ብዬ እልል እንዳስብላችሁ ጠብቃችኋል። አይደለም፤ በማግሥቱ፣ በጳጉሜን 2፣ ምንም በሌለበት ተራ ቀን መጣ። «የልጅሽ ተራ ደርሷል፤ መልስሽን እንጠብቃለን» ይላል። ወዲያው «አለን፣ እንመጣለን» ብላ መለሰች።

ስታነበው ሳለች ከጎኗ የሺመቤት የይለፍ ቃሏን ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩ «ስህተት ነው» ይላታል። እንደገና ትጽፋለች፣ ስህተት ነው ይላታል። ትናንት የፈቀደችለት ቃሏን አንብቦ ለውጦባት፣ የገዛ ደብዳቤ ቤቷ በሯን ዘጋባት። ለማን አቤት ይባላል? የሟች እናቷ ፎቶዎች እዚያው ውስጥ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠቻቸውም። እስከ ዛሬ አላገኘቻቸውም። በስሟ ደግሞ ለሚያውቋት ሁሉ ደብዳቤ ተበተነ፣ «እንኳን አደረሳችሁ፣ ይህን ተጫኑ» የሚል። ለእኔም ደረሰኝ። ቀኑን አየሁ። «መስከረም 2» ይላል፣ በጳጉሜን! አልተጫንኩም።

የሺመቤት መጥፎ ሴት አይደለችም። «ምን ምስጢር አለኝ» ነው ያለችው። ምስጢር የሌለው ሰው በር አያስፈልገውም እንዴ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲሉ አባቶች የሚቀልዱ ይመስለን ነበር። አሁን አስቡት፤ ያ የተዘጋው ቤት የሌላኛዋ ቢሆን ኖሮ፣ ደብዳቤው ከተዘጋ በር ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ሐኪሞቹ ይጠብቃሉ፣ መልስ የለም፤ ተራው ያልፋል። እናትየው ደግሞ ከውጭ ቆማ፣ «እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉን?» እያለች ትጸልያለች። 

ዲያቆኑ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። አላውቅም። ደክሞት ለሌላ ሰጥቶት ይሆናል፣ ተታሎም ይሆናል፤ አልፈርድበትም። የወሰደው ማነው? እሱንም አላውቅም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄው ነው። ቤቱ ሲሸጥ ግድግዳው አይጮህም። አንተ ጠዋት እንደ ልማድህ «እንዴት አደርክ» ብለህ ትገባለህ፤ ውስጥ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እስካሁን ስለ ሰው ሲወራ ደስ ብሏችሁ ነበር።

እናንተስ «ፍቀድ» ብላችሁ ያስገባችሁት ምንድነው? መጀመሪያ የገባው ደግ ነበር፣ አውቃለሁ። ጓደኛህ ድሮ ለጸሎት ይቀሰቅስህ ነበር፤ ዛሬ ወዴት ነው የሚቀሰቅስህ? ስልኩን የገዛሽው እናትሽን ለመጠየቅ ነበር፤ እናትሽን መቼ ጠየቅሽ? ያቺ ከሥራ በኋላ የነበረች ጨዋታ፣ ድካም ታወጣ ነበር፤ ዛሬ የሰው ስም ሳይበላ ትበተናለች? ስሙ ያው ነው፣ ስዕሉ ያው ነው። ባለቤቱስ?

ደግሞ አለ፣ በረንዳ ላይ ገብቶ ቀስ በቀስ ወደ ጓዳ የሚሻገር። መስቀል አንጠልጥሎ ይመጣል። መጀመሪያ ልጸልይልሽ ይላል፤ ከዚያ የቤትሽን ምስጢር ንገሪኝ ይላል፤ ከዚያ ባልሽን ልምረጥልሽ ይላል። ማንበብና መለወጥ! አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለዚህ ነው። እኔንም ጠርጥሩኝ። ነገ መጥቼ ሁላችሁን ላንብብ፣ ሁላችሁን ልለውጥ ካልኳችሁ በሩን ዝጉብኝ። አልቀየምም።

«አባ፣ መጠራጠር ኃጢአት አይደለም ወይ? እንግዳ መቀበልስ?» የሚል አለ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። እንግዳ ተቀበሉ! እግሩን እጠቡ፣ አብሉት፣ መደብ ልቀቁለት። ግን ስምህ ማነው፣ ከወዴት መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም። እውነተኛ እንግዳ ሲጠየቅ ይመልሳል። የማይመልስ፣ የሚያጣድፍ፣ «ዛሬውኑ ፍቀድ» የሚል፣ እሱን ጠርጥሩ። ሰውን መጥላት ኃጢአት ነው፤ በርን መዝጋት ግን ኃጢአት ከሆነ በር ለምን ተሠራ?

ወጣቶች፣ ለእናንተ በግልጽ ልንገራችሁ፤ ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ቤት ስትገቡ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱና ያስገባችኋቸውን ቅጥያዎች እዩ። ይህን መቼ አስገባሁት? ሠሪው ማነው? ለምትሠራልኝ ሥራ ይህን ያህል መጠየቋ ለምንድነው? መልስ ያጣችሁለትን አስወግዱ። መልአክ ተስሎበት ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ እዩት፤ መልአክ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ከዚያም ኮምፒውተር የሌለን ሁላችን ወደ ልባችን እንግባ። ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቁት፤ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» በሉት። የእናንተ የሆነ ያውቃል። ጾማችሁን ያውቃል፣ ሐዘናችሁን ያውቃል፣ ያቺን ትንሽ ሌላው የሚዘልላትን ወራችሁን ያውቃል። በጳጉሜን መስከረም ጠባ የሚላችሁን ግን፣ አበባ ይዞ ቢመጣም አስወጡት።

እንግዲህ ልጨርስ፤ ዝናቡም እያባራ ነው፣ ልጆቹም ሊገቡ ነው።

ይሰማችኋል ጩኸታቸው? ገመድ እየዘለሉ ነው፣ በጭቃው ውስጥ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ አለች፤ አምና ገመዱን ይዛ ስታዞር ነበር፣ ዛሬ ግን እየዘለለች ነው። ስመጣ በሩ ላይ አየኋት፤ «አባ፣ ተራዬ ነው፣ እለፉ!» ብላ ጮኸችብኝ።

የትኛዋ ናት አትበሉኝ። አልተፈቀደልኝም።